ግልጽ ደብዳቤ፦ የእቴጌ መነን ሕይወት ሳይቆረጥ ይነገር

ለመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ጽሕፈት ቤት፣
ለአዲስ አበባ ከተማ ትምህርት ቢሮ፣
እንዲሁም የእቴጌ መነንን ስም ለምታነሡ ሁሉ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

እቴጌ መነን አስፋው ያረፉት የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። ስድሳ ዓመት አልፎታል። ዛሬ ስማቸው ሲነሣ የምንሰማው ነገር በጣት የሚቆጠር ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት፣ የስድስት ልጆች እናት፣ ደግ፣ መንፈሳዊ፣ ቤተ ክርስቲያን ያሳነጹ። አንዱም ሐሰት የለበትም። ግን ይህን ብቻ ብለን ስናልፍ ሴትየዋን አናያቸውም።

በቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ። ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ትዳር መሠረቱ። ይህን ያህል ልጅ፣ ይህን ያህል የልጅ ልጅ አዩ። ሰው አክባሪ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። በአገር ውስጥና በውጭ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አረፉ። ከዚያ ወረቀቱ ይታጠፋል፣ በቃ። የስንቷ እናት ሕይወት በዚህች አንድ ገጽ አልቋል! የእቴጌይቱም ወረቀት ትንሽ ረዘም አለ እንጂ አጻጻፉ ያው ነው።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። የእቴጌ መነን ሕይወት ከባዱ ሳይዘለል ይነገር። ከባዱን ስንዘለው እምነታቸውም ከየት እንደመጣና ምን እንዳስከፈላቸው አይታወቅም። ስለ ዘውዱ ሥርዓት ሰው ሁሉ የየራሱ ሐሳብ አለው፤ ክርክሩም ይቀጥላል። እኔ ግን የማወራው ስለ አንዲት ክርስቲያን ሚስት፣ እናትና አያት ነው።

ከትውልዳቸው ልጀምር። አምባሰልን ብዙ ሰው የሚያውቀው በቅኝቱ ነው። ቦታው ግን ወሎ ውስጥ ያለ ተራራማ አገር ነው፤ መስቀሉ ያረፈባት ግሸን ማርያምም ያለችው እዚያው ነው። እቴጌ መነን በ1880ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ተወለዱ። አባታቸው የአምባሰል ገዢ ጃንጥራር አስፋው፣ እናታቸው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ወይዘሮ ስሂን ናቸው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ነው።

እዚህ ላይ አብዛኛው ጽሑፍ አንድ ዝላይ ይዘላል። ከአምባሰል በቀጥታ ወደ 1903 ዓ.ም.፣ ከደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ጋር ወደተጋቡበት ዓመት ይሄዳል። በመካከሉ ያለው ጠፍቷል። በመካከሉ ያለው ደግሞ ይህ ነው፤ መነን ገና በልጅነታቸው ተዳሩ። ከተፈሪ በፊት ከአንድ ጊዜ በላይ አግብተው ነበር፤ ልጆችም ወልደው ነበር። በዚያ ዘመን የመኳንንት ሴት ልጅ የምትዳረው ቤት ከቤት፣ አገር ከአገር ለማስታረቅ ነው። እሷን የሚጠይቃት አልነበረም። ከተፈሪ ጋር የተደረገውን ጋብቻም ያስማሙት የእናታቸው ወንድም የሆኑት ልጅ ኢያሱ ናቸው።

ይህን የሚደብቅ ሰው ክብራቸውን የሚጠብቅ ይመስለዋል። እኔ በፍጹም አልስማማም። በልጅነት መዳር የእሳቸው ነውር አይደለም። የስድስት ልጆች እናት እያልን ስንቆጥር ደግሞ ከዚያ በፊት የወለዷቸውን ልጆች ከእናታቸው እየነጠልናቸው ነው። እነሱም ልጆቻቸው ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው 1909 ዓ.ም. ነው። የታሪክ መምህር ሁሉ ስለ ሰገሌ ጦርነት ያስተምራል፤ ልጅ ኢያሱ ተሽረው አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር ይዘው መጡ፣ ጥቅምት 17 ቀን ተሸነፉ፣ ተማረኩ። ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆነው ነበር። እስቲ አሁን ይህን ታሪክ ከመነን ቤት ሆናችሁ ተመልከቱት። የተሸነፉት አያታቸው ናቸው። የተሻሩት አጎታቸው ናቸው። ያሸነፈው የባላቸው ወገን ነው። ክንዳቸው ላይ ያለው ደግሞ ሐምሌ ላይ ሐረር የተወለደው አስፋ ወሰን ነው፣ የሦስት ወር ጨቅላ። አያታቸው በሰንሰለት ታስረው አዲስ አበባ ገቡ፣ እንደታሰሩም ሞቱ። ለማን ይለቀስ? ለማንስ እልል ይባል? በአገራችን ስንት ትዳር ከዚህ በሚያንስ ነገር ፈርሷል።

ይህን ካላወቅን ንጉሠ ነገሥቱ በሣልስታቸው ቀን የተናገሩት ነገር ክብደቱ አይገባንም። በቀብሩ ዕለት ስለ እቴጌይቱ የተናገሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ። ስለ ምጽዋታቸው፣ ስለ ጸሎታቸው፣ ለባላቸው ስለነበሩት ምክርና ድጋፍ ተናገሩ። በሦስተኛው ቀን ግን ባልየው ራሳቸው ተነሡ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ደግነታቸው በሚገባ ተናግሯል፣ እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው አሉ። በአምሳ ዓመት ትዳራችን ውስጥ ሦስተኛ ሰው ገብቶ ሊያስታርቀን ያስፈለገበት አንድም ጊዜ አልነበረም የሚል ነው መልእክቱ።

ባልና ሚስት ሲጋጩ ሽማግሌ መግባት በእኛ አገር ወግ ነው። የነፍስ አባት ይጠራል፣ የዕድር ዳኛ ይጠራል፣ ጎረቤት ይገባል። እነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ጦርነት አልፏል፣ ስደት አልፏል፣ የልጅ ሞት አልፏል። ሽማግሌ ግን አልገባም። ለእኔ ከሐውልትም ከማዕረግም የሚበልጠው የሣልስቱ ንግግር ነው። እስከማውቀው ድረስ የአንዲትን ሚስት ሕይወት በዚህ ልክ የተናገረ ሌላ የቀብር ንግግር የለም። የካቴድራሉ አባቶች፣ ለጎብኚ የምትነግሩት አንድ ነገር ብቻ ይሁን ብትባሉ ይህን ንገሩ።

አሁን ወደ እናትነታቸው ልምጣ።

አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ ሁለት ስም እንሰማለን። ታክሲ ተራ ላይ ረዳቶቹ «ዘነበወርቅ! ዘነበወርቅ!» ይላሉ። ትንሽ ራቅ ብሎ «ጦር ኃይሎች!» ይላል ሌላው። ሰው ይሳፈራል፣ ይወርዳል፣ ይሰለፋል። የመጀመሪያው ስም የመነን ልጅ ስም ነው። ልዕልት ዘነበወርቅ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ለትግራይ መስፍን ተድራ መቀሌ ሄደች። ብዙም ሳትቆይ እዚያው ሞተች። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተሠራው፣ ዛሬ አለርት የሚባለው ሆስፒታል በስሟ ተጠራ፣ ሰፈሩም ከሆስፒታሉ ስሙን ወሰደ። ሁለተኛው ደግሞ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው። እሱም ከአሁኑ መጠሪያው በፊት ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር።

ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማረች። የንጉሥ ልጅ ሆና የታመመ ሕፃን አልጋ አነጠፈች። አገር ነፃ ሲወጣ ተመለሰች፣ አገባች፣ ነቀምቴ ሄደች። በ1934 ዓ.ም. በወሊድ ምክንያት ሞተች። ነርሷ ልጅ ለስንቱ ልትደርስ አስባ ራሷ በወሊድ ቀረች። ሆስፒታሉ ከዓመታት በኋላ በስሟ ተከፈተ።

በ1949 ዓ.ም. ደግሞ የሐረሩ መስፍን ልዑል መኮንን በመኪና አደጋ ሞቱ። ከስድስቱ የሞቱባቸው ሦስተኛው ልጅ። እቴጌ መነን ከዚህ በኋላ የኖሩት አምስት ዓመት ያህል ብቻ ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ልዑል ሣህለ ሥላሴ ደግሞ እሳቸው በሞቱ በሁለት ወር ገደማ ተከተሏቸው። ይህን ሞት እንኳን ሳያዩት ቀሩ።

ልጅ የቀበረች እናት በየደብሩ አለች። በየሰንበቱ ነጠላዋን አጣፍታ ከዓምዱ ጥግ የምትቆም፣ ቅዳሴው አልቆም የማትነሣ። እቴጌ መነን ከእነሱ አንዷ ነበሩ። ለሐዘንተኛ እናት «አይዞሽ» ከማለት ይልቅ የእሳቸውን ታሪክ መንገር የሚሻልበት ጊዜ አለ። ካህናት አባቶቻችን፣ እስቲ በስብከታችሁ ላይ ሞክሩት።

ስለ ስደቱ ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን በአብዛኛው ስለ ንጉሡና ስለ ጄኔቭ ነው። እቴጌይቱ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር እንግሊዝ ውስጥ ባዝ በምትባል ከተማ ተቀመጡ። አማቻቸው፣ የልጃቸው የልዕልት ተናኘወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው፣ አገር ቤት ሲዋጉ ቆይተው የካቲት 1929 ዓ.ም. ፋሺስቶች ገደሏቸው። ስለዚህ ፌርፊልድ በተባለው ቤት ውስጥ አንዲት አያት፣ ባሏ የተገደለባት ልጅና አባት የሌላቸው የልጅ ልጆች ነበሩ። ብርዱና እርጥበቱ ለእቴጌይቱ ጤና አልተስማማም፤ ወደ ኢየሩሳሌም እየሄዱ መቆየት ጀመሩ። ቅዱሳት መካናትን እየዞሩ ስለ አገራቸው ይጸልዩ ነበር። ቤተ ልሔም፣ ጌታ የተወለደበት ቤተ ክርስቲያን ሄደው ለእመቤታችን ስእለት ገቡ። አገሬ ነፃ ከወጣች ዘውዴን እሰጥሻለሁ አሉ።

ያ ዘውድ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የተደፋላቸው ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት እቴጌዎች የሚነግሡት ባላቸው ከነገሠ ቀናት በኋላ፣ በቤተ መንግሥት ነበር። መነን ግን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ሥርዓት፣ በቤተ ክርስቲያን ዘውድ ጫኑ። እንግዲህ ይህን ዘውድ ነው የተሳሉት።

ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። እሳቸውም ስእለታቸውን አደረሱ። ዘውዱ ወደ ቤተ ልሔም ተላከ። ለወደፊት እቴጌዎች የሚሆን አምሳያው ተሠራ፤ እሳቸው ግን ከዚያ በኋላ ሙሉ ዘውድ ደፍተው አያውቁም። እንደ እኔ ከሆነ የመነንን ሕይወት በሥዕል የሚሠራ ሰው ከንግሡ ሥዕል ጎን ይህን ማስቀመጥ አለበት። ሻማ፣ ዕጣን፣ ጥላ፣ መጋረጃ የሚሳል ሕዝብ ነን፤ ስእለት ማድረስ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳንም። እሳቸው የሰጡት ግን ሌላ ጊዜ የማይገዙትን ነገር ነው።

ያሳነጿቸውን አብያተ ክርስቲያናት በዝርዝር አልሄድባቸውም፤ መርካቶ ራጉኤልን፣ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን የሚሳለም ሁሉ ያውቃል። ስለ ሁለት ብቻ ልናገር። አንደኛው ዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ያለው የሥላሴ ገዳም ነው። ከ1959ኙ የስድስት ቀን ጦርነት በኋላ አካባቢው ፈንጂ ተቀብሮበት ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ተዘግቶ ኖረ። ፈንጂውን የማጽዳት ሥራ የተጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። እዚያ ጥምቀት ለማክበር የሚሄዱ ምእመናን፣ በተለይ በእስራኤል የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ የማን ልመናና የማን ገንዘብ እንደሆነ ለልጆቻችሁ ንገሩ።

ሁለተኛው አክሱም ነው። በአሮጌዋ ጽዮን ማርያም ሴት አትገባም። በ1957 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ግን ወንዱም ሴቱም የሚያስቀድስበት ነው። ለዚህ ሕንፃ እቴጌ መነን ከግል ገንዘባቸው በብዛት ሰጡ። ምረቃውን ሳያዩ ሞቱ። ኅዳር ጽዮን አክሱም የምትሄዱ እናቶች፣ ገብታችሁ ስታስቀድሱ ስማቸውን በጸሎት አንሡልን።

ትምህርት ቢሮ ሆይ፣ አሁን ወደ እናንተ ነኝ።

እቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤትን የመሠረቱት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከየክፍለ ሀገሩ ሴት ልጆች እየመጡ አዳሪ ሆነው ይማሩ ነበር። እሳቸው ራሳቸው በተደጋጋሚ ይጎበኙት፣ በምረቃውም ይገኙ ነበር። በወረራው ተዘጋ፣ ከነፃነት በኋላ ተከፈተ። አዚናራ ደሴት ታስረው የተመለሱት አርበኛዋ ስንዱ ገብሩ፣ በኋላ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል የሆኑት፣ የዚህ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ከአብዮቱ በኋላ የመነን ስም ተነሥቶ የካቲት 12 ተባለ። ዛሬ ደግሞ በአዲስ አበባ በእሳቸው ስም የሚጠራ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት አለን። ስሙ መመለሱ ደስ ይላል።

ግን እዚያ የምትገባ የ15 ዓመት ልጅ መነን ማን ናቸው ብትባል ምን ትመልሳለች? «የንጉሡ ሚስት» ካለች ስሙን በር ላይ መጻፋችን ምን ጠቀማት? በእሷ ዕድሜ ተድረው የወለዱ ሴት፣ ከዓመታት በኋላ ሌሎች ሴቶች ልጆች በዚያ ዕድሜ ደብተር እንዲይዙ ቤት እንደከፈቱላቸው ትወቅ። ይህን የሰማች ልጅ ለበዓል አገሯ ገብታ ታናሽ እህቷ ልትዳር ነው ቢሏት ዝም አትልም።

ስለ አያትነታቸው ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። በባዝ ያሳደጓቸው የልጅ ልጆች፣ የልዕልት ተናኘወርቅ ሴቶች ልጆች፣ በ1967 ዓ.ም. መግቢያ ከእናታቸው ጋር ታሰሩ። ወደ 14 ዓመት ያህል ዓለም በቃኝ ቆዩ። ወንድማቸው ልዑል እስክንድር ደስታ ያለ ፍርድ ተገደሉ። የአልጋ ወራሹ ልጅ ልዕልት እጅጋየሁ እስር ቤት ሳሉ ሞቱ። እቴጌ መነን ይህን ሁሉ አላዩም። የአያታቸውን ሰንሰለት ያዩ ሴት የልጅ ልጆቻቸውን እስር ሳያዩ ማረፋቸውን ሳስብ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። በ1909 የታሰረና በ1967 የታሰረ ከአንድ ቤት የወጣባት አገር ናት። ይህንንም ጨምሮ ይነገር፤ ማንንም ለመክሰስ አይደለም፣ የእናቶች ዕንባ በየዘመኑ ከየወገኑ እንደፈሰሰ ልጆቻችን እንዲያውቁ ነው።

የመቃብራቸውም ነገር አለ። መጀመሪያ ያረፉት ካቴድራሉ ምድር ቤት፣ ከልጆቻቸው መቃብር ጋር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጎን ለጎን የሚያርፉበትን ሁለት የድንጋይ መቃብር ላይኛው ክፍል አሠርተው ነበር፤ አብዮቱ መጣና ባዶውን ቀረ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አፅም በክብር ሲያርፍ ነው ሁለቱ ጎን ለጎን የሆኑት። ሚስት ባሏን ወደ 39 ዓመት ጠበቀችው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ካቴድራሉ በመቃብራቸው አጠገብ ሙሉ ሕይወታቸውን፣ የልጅነት ትዳራቸውን፣ ሰገሌን፣ የቀበሯቸውን ልጆችና የቤተ ልሔሙን ስእለት ሳይጨምር የማያልፍ ጽሑፍ በግልጽ አማርኛ ያስቀምጥ። የሣልስቱ ንግግርም በዚያው ላይ ይኑር። የካቲት 8 ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ይህ ጽሑፍ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ይነበብ። ትምህርት ቢሮው በዚያው ሳምንት፣ የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን ከመድረሱ በፊት፣ በትምህርት ቤታቸው ተማሪዎቹ ራሳቸው ታሪካቸውን እንዲያቀርቡ ያድርግ። አለርትና ጦር ኃይሎች ሆስፒታሎች በር ላይም የልጆቻቸው ስምና የሞቱበት ምክንያት በሁለት መስመር ቢጻፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በተለይ የፀሐይ፤ እናት በወሊድ እንዳትሞት ዛሬም የሚደክሙ ሐኪሞችና አዋላጆች እዚያ ይሠራሉና።

ጽሑፉን የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ከተቋቋመ ረቂቁን ለመጻፍም፣ ቀኖቹን ለማመሳከርም፣ ለማረምም ያለ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች የሆናችሁ እናቶችም በአገር ውስጥም በውጭም ብዙ ናችሁ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ጻፉልን፣ ፎቶ ካላችሁ አውጡልን፤ ከእናንተ በቀር ማንም የማያውቀው ነገር አለ። የዘንድሮው የካቲት 8 ሳይደርስ መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር